የእስረኛው የድንች ማሳ

ለውድ ታላቅ ወንድሜ ለቲሞቲ ክሮውሊ፣ ሜልቦርን፤

ወንድም ዓለሜ፣ ለመሆኑ እንደምን አለህልኝ? ጤናህስ? ባለፈው የጻፍክልኝ የወገብ ሕመም ተወህ ወይስ አሁንም ጎንበስ ስትል ይይዝሃል? ሆኖራስ እንዴት ናት? ትንሿ ልጃችሁስ አፏን ፈታች? እናታችንም እኔም፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ በሕይወት አለን። ደህና ነን ብዬ ለመጻፍ ግን እጄ እምቢ አለኝ። ሦስት ወር ሙሉ ዝም ስላልኩህ እንደምትቆጣኝ አውቃለሁ። ሁለት ጊዜ ጀምሬ ሁለቱንም እሳት ውስጥ ከትቻቸዋለሁ። ሰኞ መንገድ ስለምጀምር ግን ሳልነግርህ ብሄድ ሆዴ አይችለውም። ነገሩ የወንድማችን የኮን ነው።

ኮን የተያዘ ጊዜ የጻፍኩልህ ደብዳቤ ግማሹ እንባ ነበርና ምን እንደ ገባህ እንጃ። አመፁ የተነሣ ዕለት በረዶ ይጥል ነበር። ኮን ከሃያ ሰው ጋር ወደ ተራራው ወጣ። ሰዎቹ የያዙትን የጦር ጫፍ በገዛ የአንጥረኛ ምድጃው የቀጠቀጠው እሱ ነው። እንግሊዞችን ከአገር ሊያስወጡ የተነሡት ሰዎች ሦስት ጠመንጃ ብቻ ነበራቸው፤ ከሦስቱም አንዱ አይተኩስም። በማግስቱ ፖሊሶቹ በበረዶው ላይ ዱካውን እየተከተሉ መጥተው፣ ጎረቤታችን የዴኒስ ሊሂ በረት ውስጥ ጫማውን አውልቆ እግሩን በገለባ ሲያሞቅ ያዙት። ጠበቃው "ክፉ ሰዎች አሳሳቱኝ በላቸው፣ ይቀልልሃል" ቢለው፣ ችሎት ፊት ቆሞ "ብረቱን የቀጠቀጥኩት እኔ፣ ተራራውን የወጣሁት በገዛ እግሬ፤ ማንም አላሳሳተኝም" አላቸው። ሰባት ዓመት ከከባድ ሥራ ጋር ፈርደውበት ወደ እንግሊዝ አገር ወሰዱት።

እዚያ ድንጋይ ይፈልጣል። በስድስት ወር አንድ ደብዳቤ ይፈቀድለታል። በሰኔ የመጣችው ግማሽ ገጽ አትሞላም፤ "ደረቴን ትንሽ ያስቸግረኛል፣ ሌላው ደህና ነው" ትላለች። ያን የመሰለ ጽሑፉ እንደ ሽማግሌ እጅ ተንቀጥቅጧል። በዚያው ሰሞን ከእሱ ጋር ታስሮ የነበረው ባት ድሪስኮል ተፈትቶ ሊጠይቀን መጣ። እናታችን ከብቶቹን ልታስገባ ስትወጣ ጠብቆ "ጆአና፣ ለእናትሽ አልነገርኩም፤ ልጁ ደም ይተፋል። ሌላ ክረምት እዚያ ቢያሳልፍ አይወጣም" አለኝ። እናታችን እስከ ዛሬ አላወቀችም ብዬ አስባለሁ፤ ግን እሷን ማን ያውቃታል።

አባ ማክስዊኒን ለመንኳቸውና እንዲፈቱት አቤቱታ ጻፉልን። እናታችን መጻፍ አትችልምና በፊርማ ፈንታ ምልክቷን አደረገችበት። የወረዳው ዳኛ ወረቀቱን ተቀብሎ ለአባ የነገራቸው ይህን ነው፤ "ሰፈሩ ጸጥ ብሎ ከከረመ መልሱ ደግ ይሆናል። ሰልፍ፣ ግርግር፣ ሆታ ከሰማሁ ግን ልጁን እርሱት።" እኔም ጸጥታውን እንደ እንቁላል ይዤ ከረምኩ። አንድ ሰው በመንገድ ላይ ቢዘፍን እንኳ ልቤ ይደነግጥ ነበር።

ድንቹ ደረሰ። አንተ ከሄድክ ወዲህ ልማዱ ሌላ መልክ ይዟል፤ በአመፁ የታሰረ ሰው ያለበት ቤት ድንቹን ራሱ አይቆፍርም። አገር በደቦ ይወጣለታል። ከሦስትና ከአራት ደብር ይመጣሉ፣ አካፋቸውን ትከሻቸው ላይ አድርገው በአራት በአራት ይሰለፋሉ፣ ከፊት ዋሽንት ይነፋል። አካፋውን አውርደህ ጠመንጃ ብትሰጣቸው ጦር ነው። ፖሊሱም ይህን አላጣውም። ዴኒስ ሊሂ ከቅዳሴ በኋላ ግንብ ላይ ወጥቶ "ሐሙስ የኮን ክሮውሊ ድንች ይቆፈራል፤ አካፋ የሌለው ማንኪያ ይዞ ይምጣ!" ብሎ ጮኸ።

ቤቱ ድረስ ሄጄ ለመንኩት። "ጋሽ ዴኒስ፣ ሐሙስን ተወን። መልሱ እስኪመጣ ብቻ" አልኩት። እሱም ፒፓውን ከአፉ አውጥቶ "ልጄ፣ ወንድምሽ የተያዘው ከኔ በረት ነው። ያን ቀን አላዳንኩትም። ድንቹንም አትቆፍር ካልሽኝ በምን ፊቴ እኖራለሁ?" አለኝ። ሴት ልጁ ጁልያ፣ የኮን እጮኛ፣ ከጓዳ ብቅ ብላ "ተዋት አባባ፣ ፖሊሶቹን አስፈቅዳ ነው የምትተነፍሰው" አለች። በሩን ዘግቼ ወጣሁ።

ያደረግኩት ሞኝነት ይሁን ብልህነት አንተ ፍረድ። ሐሙስ የሚቆፈር ነገር ካልተገኘ ደቦ አይኖርም ብዬ፣ ሰኞ ጎሕ ሲቀድ ማሳውን ራሴ ገባሁበት። እናታችን መጀመሪያ በር ላይ ቆማ አየችኝ። "ልጄን የሚወዱ ሰዎች ከደጄ ባዶ እጃቸውን ሊመለሱ ነው?" አለች። ቀጥላ ሻሿን አጥብቃ፣ ቅርጫቱን ይዛ ከኋላዬ ትለቅም ጀመር። ሦስት ቀን ቆፈርን። እጄ ውሃ ቋጥሮ፣ ፈንድቶ፣ እንደገና ቋጠረ። በታችኛው በኩል ያለው ድንች ጠቁሮ ይሸታል፣ የቀረው ግን ደህና ነው፤ እስከ ፋሲካ ያደርሰናል። ረቡዕ ሊመሽ ሲል የመጨረሻውን መደብ ጨረስን። እኔ እዚያው አፈሩ ላይ ተቀምጬ ሳቅኩ፤ ያሸነፍኩ መስሎኝ ነበር።

ሐሙስ መጡ። ከሦስት መቶ ይበልጣሉ። ስድስት ፖሊሶች አጥሩን ተደግፈው ቆመዋል፣ አለቃቸው ደብተሩን ከፍቷል። ሰልፉ በራችን ላይ ደርሶ የተገለበጠውን ማሳ ሲያይ ዋሽንቱ ቆመ። ዴኒስ አካፋውን አውርዶ "ማነው የቆፈረው?" አለ። "እኔና እናቴ" አልኩት። አንዱ ከኋላ "እንዴ፣ ሌባ ቀደመን!" ሲል ጥቂቶች ሳቁ፤ ዴኒስ ግን አልሳቀም። እናታችን አሬራ ልትቀዳላቸው ወጣች። አንዳንዱ ቆሞ ጠጣ፣ አንዳንዱ "አልጠማንም" ብሎ ዞረ። ጁልያ አጠገቤ መጥታ በዝግታ "ኮን ይህን ቢያይ ያፍርብሽ ነበር" አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ቤተ ክርስቲያን ስገባ ሰው ሰላም አይለኝም። ፖሊሱም ቢሆን ሦስት መቶ ሰው ተሰበሰበ ብሎ ጽፏል። አንድ ድንች እንዳልቆፈሩ አልጻፈም።

ቅዳሜ አባ ማክስዊኒ መጡ። ሲመጡ ሳያቸው የኮንን ሞት ሊያረዱን ነው ብዬ በሩን ያዝኩ። ሞት አይደለም፤ መልሱ ነው። ስለ ደቦው አንድ ቃል የለበትም፤ ወረቀቱ ሐሙስ ገና ሳይነጋ በመንገድ ላይ ነበር። ይፈቱታል፤ ግን የእናቱ ምልክት አይበቃም፣ ራሱ ይፈርም ይላሉ። የሚፈርምበት ቃል እንዲህ ይላል፤ "በክፉ ሰዎች ተሳስቼ ነው፣ ተጸጽቻለሁ።" ከቤተሰብ አንድ ሰው ገብቶ እንዲመክረው ፈቅደዋል። የምሄደው እኔ ነኝ። ወረቀቱ አሁን የምጽፍበት ጠረጴዛ ላይ አለ።

ቲሞቲ፣ የምፈራውን ልንገርህ። እንዲፈርም እፈልጋለሁ። ውሸት ቢሆንም ይፈርም፣ እናቱ ቤት ገብቶ ይሙት ወይም ይዳን እላለሁ። ደግሞ ኮንን አውቀዋለሁ። በብረት ፍርግርግ መካከል አይቶኝ "አንቺ ነሽ ይህን የምታመጪልኝ?" ቢለኝ ምን እሆናለሁ? ብለምነውና ለኔ ሲል ቢፈርምስ፣ ዕድሜ ልኩን ፊቴን ማየት ይችላል? ይህ ደብዳቤ እጅህ ሲገባ ነገሩ ከለየለት ሁለት ወር አልፎታል። ቢሆንም ጸልይልን።

ትናንት ለእናታችን ወረቀቱን አነበብኩላት። ሁለት ጊዜ አስደገመችኝ። ከዚያ እንዲህ አለችኝ፤ "አንዴ ጠይቂው። እምቢ ካለሽ ሁለተኛ እንዳትጠይቂው። ያን ጊዜ ወረቀቱን አስቀምጪና እጁን በደንብ ያዥልኝ፤ ከዚያ በኋላ የሚይዝለት ሰው የለም።"

ለሆኖራ ከልብ የሆነ ሰላምታዬን አድርስልኝ። ልጆቹን አንድ በአንድ ሳምልኝ። የታመመውን ጎረቤትህን፣ ሽማግሌውን ሺአንንም እግዚአብሔር ይማርህ በልልኝ። ዴኒስ ሊሂ በፊት በደብዳቤዬ ሁሉ ሰላም በይልኝ ይል ነበር፤ ዛሬ አልጠየቅኩትም። እናታችን ሰላም ትልሃለች፤ አሁን ለኮን ይዤለት የምሄደውን ካልሲ እየሠራች ነው፣ ቀና አትልም።

እህትህ ጆአና

ባሊናሆ፣ ኮርክ፣ ኦክቶበር 25 ቀን 1868