ለሰው አልሰጥም ያልኩት ሥራ

ውድ እህቴ ሎርና፣

ባለፈው እሑድ ስትደውዪ «ለመሆኑ የመታጠቢያ ገንዳውን ማን እየፈገፈገልሽ ነው?» ብለሽ ጠየቅሽኝ። «ሰው ይዣለሁ» አልኩሽ። ሳቅሽ። «አንቺ? አንቺ ሰው ቤት አስገብተሽ?» አልሽና ሳትጨርሺው ክሌም ከወዲያ ጠራሽ፣ ሄድሽ። ስልኩን ዘግቼ እዚያው ወንበሩ ላይ ቀረሁ። ልነግርሽ ያሰብኩት በስልክ የሚያልቅ አልነበረም። በስልክ ደግሞ እኔና አንቺ ከአየር ጠባይ ያለፈ ነገር አውርተን አናውቅም፤ እናንተ ዘንድ ሙቀት፣ እኛ ዘንድ ዝናብ። ስለዚህ ልጽፍልሽ ተቀመጥኩ።

እናታችን ከሞተች በኋላ ይህን ቤት ለሁለት ስንይዝ ሥራውን እንዴት እንደተካፈልነው ታስታውሻለሽ? ተቀምጠን እንኳ አልተመካከርንም። አንቺ ውሃ ያለበትን ሁሉ ያዝሽ፣ እኔ ደረቁን። ገንዳው፣ ሽንት ቤቱ፣ የወጥ ቤቱ ወለል ያንቺ፤ አቧራው፣ ምንጣፉ፣ የቁም ሳጥኑ ድርድር የእኔ። ቅዳሜ ጠዋት ቁርሱ ከመነሳቱ ባልዲሽን እያንኳኳሽ ትጀምሪያለሽ።

«ኮራል! እርጥቡን ረገጥሽው!»

«ታዲያ ልብረር?»

«ብረሪ!»

ከውጭ ሆኖ የሚሰማን ሰው የተጣላን ይመስለው ነበር። አንዳንዴም እውነት እንጣላ ነበር። የአንቺ ጽዳት እንደ ዶፍ ዝናብ ነው፣ ወርዶ ያልፋል። እኔ ጥግ ለጥግ ስለቃቅም እውላለሁ። «ምስኪን አቧራ፣ ካንቺ ጋር ዕረፍት የለውም» ትዪኝ ነበር።

ከዚያ ክሌም መጣ፣ በስልሳ ስምንት ዓመትሽ። ሣር ላይ ኳስ ከምታንከባልሉበት ከቦውልስ ክበቡ ጉንጭሽ ቀልቶ ስትመለሺ እኔ ሞኟ ነፋሱ ነው ብዬ ነበር። ደስ ብሎኛል፣ ይህን እውነት ያዢልኝ። ሠርግሽ ላይ ያለቀስኩት ደስ ብሎኝ ነው። አውሮፕላን ማረፊያው ላይ ስሸኝሽ ዞር ብለሽ «ክፍሌን እንዳትነኪብኝ፤ ማን ያውቃል» አልሽኝ። ቀልድሽን ነበር፤ ክሌምም ሳቀ። እኔ ግን ያቺን «ማን ያውቃል» ይዣት ወደ ቤት ገባሁ።

የመጀመሪያው ሰሞን የሁለታችንንም ሥራ ያዝኩት። አንድ ነገር ልንገርሽ፦ ብቻውን የሚኖር ሰው ቤት አይቆሽሽም። አንድ ሲኒ፣ አንድ ሳህን፣ አንድ ማንኪያ፤ ወለሉ ላይም የእኔው ዱካ ብቻ። ያልቆሸሸውን አጸዳለሁ፤ ሌላ ምን ልሥራ? ኋላ ደግሞ ነገሩ ተገለበጠና «ማን ሊያየው?» ብዬ መተው ጀመርኩ። ሳሎኑን ዘጋሁት። ዳቦ ጠብሼ ማጠቢያው አጠገብ ቆሜ እበላለሁ። ሸረሪቷ መስኮቱ ላይ ድሯን ስታደራ አይቼ «ሥሪ፣ ማን ይከለክልሻል» ብያታለሁ።

በሰኔ፣ ያ ብርድ በገባ ሰሞን፣ የገንዳው ጥግ ሻጋታ ይዞ አየሁት። ተንበርክኬ ፈገፈግሁት። ልነሳ ስል ሳሙናው አዳለጠኝና ወደቅሁ፤ እጄ ከሥሬ ታጠፈ። ልጮህ አፌን ከፈትኩ፤ ግን የማንን ስም ልጥራ? «ሎርና» ሊወጣኝ ነበር፣ ዋጥኩት። ቧንቧው ጠብ ጠብ ሲል እያዳመጥኩ ቀዝቃዛው ወለል ላይ ተኛሁ። ኋላ የገንዳውን ከንፈር ይዤ፣ ትንሽ በትንሽ፣ ተነሳሁ። «እጄን ትንሽ ይዞኛል» ያልኩሽ ይህ ነው።

ሐኪሙ አንጓዬን አስሮ ሲያበቃ «ቤት ውስጥ ማን አለ?» አለኝ። «እኔ አለሁ» አልኩት። መልሱ አልጣመውም መሰለኝ፣ ከአረጋውያን እርዳታ ቢሮ ፕሩ የምትባል ሴት ላከብኝ። ፀጉሯን ወይን ጠጅ ቀለም የተቀባች፣ ሳቂታ ሴት ናት። ሻይ አፍልቼ ተቀመጥን።

«እንግዲህ እትዬ ኮራል፣ ከቤቱ ሥራ የትኛውን እናግዝዎ?»

«ምኑንም።»

«ገንዳውንስ?»

«ገንዳው የእህቴ ሥራ ነው።»

ዙሪያዋን ቃኘች። «እህትዎ እዚህ ነው የሚኖሩት?»

«አይ፣ ታውንስቪል ናት፣ ኩዊንስላንድ።»

«ታዲያ ገንዳውን ከታውንስቪል ሆነው ነው የሚያጥቡት?»

ሳቅ አመለጠኝ። እሷም ስቃ ስታበቃ እጇን ጠረጴዛው ላይ አሳረፈችና «ሁሉን ይስጡ አላልኩም፤ የሚጎዳዎትን ለእኛ ይስጡን፣ የሚወዱትን ለራስዎ ያስቀሩ» አለችኝ።

ገንዳውን ሰጠሁ። ሽንት ቤቱንና ወለሉን ሰጠሁ። እነዚህ ያንቺ ስለነበሩ ከአፌ ቶሎ ወጡ። ምንጣፉ ላይ ስንደርስ ግን አንገራገርኩ። የራሴን ድርሻ ለባዕድ ስሰጥ የመጀመሪያዬ ነበር፤ ማርጀት ማለት ይሄ ይሆን እንዴ አልኩ በልቤ። ቢሆንም ሰጠሁት። አቧራውን አስቀረሁ፤ እሱ ቁጭ ብሎም ይሆናል። «አንሶላና የአልጋ ልብስስ?» ስትለኝ ግን «አንሶላ አይነካም!» ብዬ ጮኽኩ። ሲኒዋን አስቀምጣ አየችኝ። «እሺ፣ እሺ፣ አይነካም» አለች እንደ ልጅ እያባበለችኝ።

ለምን እንደጮኽኩ ላንቺ ልንገርሽ። ከሄድሽ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ የአልጋሽን አንሶላ እቀይራለሁ። ማንም ያልተኛበትን አንሶላ ገፍፌ፣ አጥቤ፣ አስጥቼ፣ ሌላ አነጥፋለሁ። ሌላው ቤት ድር ሲያደራበት ያቺ ክፍል ብቻ መስኮቷ ይከፈታል፣ ትራሷ ይራገፋል። እሑድ ስትደውዪም ከምትዪው ይልቅ ድምፅሽን ነበር የማዳምጠው፦ ክሌም አስቀይሟት ይሆን? ሙቀቱ አንገሽግሿት ይሆን? «ደህና ነኝ» ስትዪኝ ደስ ይለኛል። ደስ ብሎኝም ስልኩን ስዘጋ ሄጄ ባዶ አልጋሽን አያለሁ። ሁለቱም እውነት ነው ሎርና፤ አንዱ ሌላውን አያስቀረውም።

የላኩልኝ ጽዳት ሠራተኛ ወንድ ነበር። ዳሪል ይባላል። በሩን ስከፍት ደጃፉን የሞላ ሰውዬ ባልዲና መወልወያ ይዞ ቆሟል። ዕድሜውን ሙሉ ወረቀት ፋብሪካው ውስጥ ሲሠራ ኖሮ፣ ፋብሪካው ከተዘጋ ወዲህ ያገኘውን የሚሠራ ሰው ነው።

«ደህና አደሩ እማማ!»

«እማማ አትበለኝ። አንተን የሚያህል ልጅ ወልጄ አላውቅም።»

«እሺ እትዬ። ጫማዬን ላውልቅ?»

«በጫማህ ልትገባ ነበር እንዴ?»

አወለቀ። ካልሲው ከአውራ ጣቱ ላይ ተቀዶ ነበር፤ እንዳላየ ሆንኩ። እኔ ደግሞ ባዕድ ሰው ጉዴን አያይም ብዬ፣ ከመምጣቱ በፊት በአንዲት ደህና እጄ ቤቱን አጽድቼ ነበር የጠበቅሁት። ገንዳውን አየ፣ ወለሉን አየ፣ ጭንቅላቱን አከከ።

«እትዬ፣ የጠሩኝ ለምስክርነት ነው እንዴ?»

እውነቱን ለመናገር ሙያ የለውም። በረኪናውን ዓይናችን እስኪያነባ ይደፋዋል። ምንጣፉን ሲጠርግ የማያንኳኳው የወንበር እግር የለም። ሲሄድ ጥጋጥጉን እኔ እደግመዋለሁ። ግን እየሠራ ያወራል። ሆባርት ከተማ ስለገባችው የቀድሞ ሚስቱ፣ ሊያዝ ሲል ስላመለጠው ዓሣ፣ ስለ ጉልበቱ ሕመም ከገንዳው ውስጥ ሆኖ ይጮሃል፤ እኔ ከወጥ ቤት እመልስለታለሁ። ድምፅ በዚህ ቤት ውስጥ ከክፍል ወደ ክፍል ሲሻገር ከሰማሁ ቆይቼ ነበር። አንዳንዴ የሚለው ሁሉ ባይገባኝም «አዎን፣ አዎን» እላለሁ፣ እንዳያቆም።

«ያቺ የተዘጋችውስ?» አለኝ አንድ ቀን ክፍልሽን እያሳየኝ።

«እሷን ተዋት።»

ተዋት።

እሱ የሚመጣው ሐሙስ ነው። በነሐሴ መግቢያ ቅዳሜውን ሙሉ ዘነበና አንሶላሽን ሳላጥብ ቀረሁ፤ ሐሙስ ሰማዩ ሲገለጥ አጥቤ አሰጣሁት። ከሰዓት በኋላ ከባሕሩ ነፋስ ተነሳ። ላነሳው ስወጣ እንደ መርከብ ሸራ ተነፍቶ ጠበቀኝ፤ በአንድ እጄ ብይዘው ብጎትተው እምቢ አለ፣ ጭራሽ ፊቴ ላይ ተጠመጠመ። ዳሪል በወጥ ቤቱ መስኮት አይቶኝ በካልሲው ሣሩን እየረገጠ ሮጦ መጣ።

«ይሄ እንኳ ከሥራዬ ውጪ ነው» አለ ጫፉን ይዞ። «አንሶላ አይነካም ብለውኛል።»

«ዝም ብለህ ያዝ!»

አንሶላ ማጠፍ የሁለት ሰው ሥራ ነው። እኔና አንቺ ሳንነጋገር ነበር የምናጥፈው፤ ስቦ፣ አራግፎ፣ ተገናኝቶ ጫፍ መቀባበል። ዳሪል ግን እኔ ወደ እሱ ስሄድ ወደ ኋላ ይሸሻል፣ ወደ ቀኝ ስል ወደ ግራ ያጥፋል። እንደ ገመድ ተገመደብን።

«ከማን ጋር ነበር የሚያጥፉት?»

«ከእህቴ ጋር።»

ፊቱን አጠቆረ። «ነፍስ ይማር።»

«ኧረ አልሞተችም! እዚያ ሰሜን ጫፍ፣ ኩዊንስላንድ ናት።»

«ያው በሉት» አለኝ።

ሆዴን ይዤ ሳቅሁ። እዚህ ከተማችን በርኒ ውስጥ እንዲያ ጮክ ብዬ ከሳቅሁ ስንት ጊዜዬ! ዳሪል ግን አንሶላውን ወደላይ ወደታች ያየው ጀመር።

«የእርስዎ አልጋ ጠባብ ነው፣ ሥሩን ስጠርግ አይቼዋለሁ። ይሄ ሰፊው የማን ነው?»

«የእሷ።»

«መቼ ነው የሚመጡት?»

ነፋሱ አንሶላውን በመካከላችን ያርገበግበዋል። «ለገና» ልል ነበር። «በቅርቡ» ልል ነበር።

«አትመጣም» አልኩት።

ጮክ ብዬ ተናግሬው አላውቅም ነበር፣ ለራሴም እንኳ። ዳሪል ጫፎቹን ይዞ ቀስ ብሎ ወደ እኔ መጣ፤ እጄ ላይ አስረክቦኝ፣ ጎንበስ ብሎ እጥፋቱን ከሥር አነሳ። ጨረስነው። ወጥ ቤት ገብቼ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ አለቀስኩ። ከኋላዬ ሻይ ሲያፈላ ይሰማኛል። ወተቱን አብዝቶ አበላሽቶታል፤ ጠጣሁት።

በሳምንቱ ክፍልሽን ከፈትኩለት። አልጋሽን ገፍፌ ምንም አላነጠፍኩበትም። «እሷንም ጥረጋት» አልኩት። ደጃፉ ላይ ቆሞ ባሕሩን አየ፣ ምንጣፉ ላይ የተኛችውን ፀሐይ አየ።

«እትዬ፣ እንዲህ ያለ ክፍል ዘግተው ነው እዚያ ጀርባ ጨለማ ውስጥ የሚተኙት?»

አንቺ በልጅነትሽ ደረትሽን ያምሽ ስለነበር እናታችን ፀሐይ ያለበትን ሰጠችሽ፤ እኔ ከጀርባ ገባሁ። ማንም አልነፈገኝም። አንቺ ከዳንሽ በኋላ ግን ማናችንም እንቀያየር ብለን አናውቅም፤ ልማድ ሆኖ ቀረ።

«ዕቃ ማንሳትም ከሥራህ ውጪ ነው?» አልኩት።

«በጣም!» አለና እጅጌውን ሰበሰበ።

ቁም ሳጥኔን ሲገፋ የኮሪደሩን ግድግዳ ክፉኛ ጭሮታል። ልብሶችሽን በካርቶን አድርጌ በፖስታ ልኬልሻለሁ፤ ይህ ደብዳቤ ሳይቀድማቸው አይቀርም። የክረምት ካፖርትሽን ግን አስቀርቼ እየለበስኩት ነው፤ እዚያ ሙቀት ውስጥ ምን ይሠራልሻል?

እንግዲህ አሁን የምተኛው ያንቺ ክፍል ውስጥ ነው። በመጀመሪያው ጠዋት ብርሃኑ ቀሰቀሰኝና፣ ድምፅ እጠብቅ ይመስል፣ ዓይኔን ጨፍኜ ቆየሁ። ምንም የለም፤ ባሕሩ ብቻ። ብቸኝነቱ አልለቀቀኝም ሎርና፣ አብሮኝ ክፍል ቀየረ እንጂ። ግን ተነስቼ ሳሎኑን ከፈትኩ፣ ድሩን አወረድኩ፣ ቁርሴንም ቁጭ ብዬ በላሁ። ከሐሙስ እስከ ሐሙስ ያለው ጊዜ ረጅም ነው፤ አልዋሽሽም።

ይህን ሁሉ የጻፍኩት ልትራሪልኝ አይደለም፤ ተመለሺ ለማለትም አይደለም። ያንቺ ቤት ክሌም ያለበት ነው። ይኸኛው የእኔ ብቻ ሆኗል፤ ይህችን አንዲት መስመር ለመጻፍ ምን ያህል እንደተቸገርኩ እኔ ነኝ የማውቀው። ግን እንግዳ መጥራት ይቻላል፤ እኔ ደግሞ ዕድሜዬን ሙሉ አንቺን ጠርቼ አላውቅም፤ እንዴት ልጥራሽ፣ ሁልጊዜ እዚሁ ነበርሽ። ስለዚህ አሁን እጠራሻለሁ፦ በመስከረም፣ ብርዱ ሲሰበር፣ ክሌምን ይዘሽ ነይ። የጀርባው ክፍል ለሁለት ይጠባል፣ ቢሆንም ትችሉታላችሁ።

ስትደርሺ በሩን አንኳኪ። መጥቼ እከፍትልሻለሁ።

የምትናፍቅሽ እህትሽ
ኮራል