አፍንጫው የማነው?

ጥር 4
አጋሮ። ዛሬ ሃያ ሁለት የቡና ናሙና ቀመስን። ረዳቴን ናርዲን ከቅምሻ ክፍል አስወጣኋት፤ ሽቶ ተቀብታ መጣች። «ትንሽ ናት እኮ» ትለኛለች። ትንሽ! እኔ አስራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ጠዋት ሽንኩርት ያልቀመስኩት ለጽድቅ ነው?

ግራ አፍንጫዬ አሁንም እንደታፈነ ነው። የቡና መፈልፈያው አቧራ ይሆናል። አለቃዬ ከፈለ «ታከሚ» አለኝ። ከዱባይ ስመለስ... የቡና ኤግዚቢሽኑ ደርሷል። የእኛን ቡና ሌላ ሰው ሊያስቀምስልኝ? አይሞከርም።

ጥር 13
ዱባይ። እህቴ ሩት ቤት ነኝ። አስራ አንድ ዓመት እዚህ ኖራ አረብኛውን ታንበለብለዋለች። ብርድ ብርድ አለኝ፤ በማቀዝቀዣ ቤቱን በረዶ አድርገውታል።

ጥር 14
ለገዢዎች እያስቀመስኩ ደም ከአፍንጫዬ... ማንኪያው ላይ። ነጩ ጨርቅ ላይ። አልቆም አለ። ሆስፒታል ወሰዱኝ። ጥጥ ጠቀጠቁብኝ፣ በካሜራ አዩኝ፣ ከውስጥ ትንሽ ቆርጠው ለምርመራ ወሰዱ። ውጤቱ እስኪመጣ እዚሁ ተኚ፣ አውሮፕላን የለም ተባለ።

አፈርኩ እንጂ አልፈራሁም። ኧረ ፈርቻለሁ። ለማን ነው የምዋሸው?

ጥር 19
ውጤቱ መጣ። ሐኪሙ ሩትን እያየ በአረብኛ አወራ... አወራ... ጣቱን ቅንድቦቹ መሃል አድርጎ አሳያት። ሩት አንገቷን ነቀነቀች። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ፦ «አለርጂ ነው። ትንሽ ያጸዱልሻል።»

ያ ሁሉ ወሬ ለአለርጂ?

ኮሪደር ወጥታ ለፈለቀ ደወለች። ታላቅ ወንድማችን ነው፤ ጅማ፣ በቾ ቦሬ ሰፈር ቁጭ ብሎ ዱባይን የሚያስተዳድር። ስትመለስ ዓይኗ ቀልቷል። የፈቃድ ወረቀት ይዛለች። «ሸዋዬ፣ እዚህች ጋ ፈርሚ።»

አልፈርምም አልኳት። ያላየሁት ናሙና ላይ እንኳ ፈርሜ አላውቅም።

ይህን ነገር አውቀዋለሁ። እናታችን ስትታመም እኛው ነን ያደረግነው። ሐኪሙ ለፈለቀ ነገረው፣ ፈለቀ ለእኛ ነገረን፣ እኛ ለእሷ «ጨጓራ ነው» አልናት። ስድስት ወር። «እሺ ልጆቼ» እያለች ሞተች። ምን ልትነግረን ፈልጋ ነበር? ማን ጠየቃት? እኔም አብሬ ዋሽቻለሁ።

ጥር 20
ክፍሉን የምታጸዳው ሴት በስልክ ስታወራ ሰማሁ። ኦሮምኛ! ያውም የእኛ አገር ኦሮምኛ። ከየት ነሽ ብላት ከአጋሮ። ከአልጋዬ ልወርድ ምንም አልቀረኝ። ዙቤይዳ ትባላለች።

«ማል ተኤ? ምን ሆነው ነው የተኙት?»

«እሱን ነው የማላውቀው» አልኳት።

ነገ ሐኪሙ ሲመጣ አጠገቤ ቆመሽ አስተርጉሚልኝ ብላት አመነታች። አለቃዋን ፈርታ ነው። ቆይታ፦ «በእረፍት ሰዓቴ እመጣለሁ። ወላሂ፣ አንድ ቃል አልደብቅዎትም።»

ጥር 21
መጣች። ሩት ተቆጣች። «የማታውቂያትን ሴት!»

«የማውቃት ዋሸችኝ» አልኩ።

ሐኪሙ እንደልማዱ ወደ ሩት ዞረ። «ታማሚዋ እኔ ነኝ። ለእኔ ንገረኝ» አልኩት። ዙቤይዳ በአረብኛ አደረሰችልኝ። ወንበሩን ወደ እኔ ሳበ።

እጢ ነው። ከአፍንጫዬ ጣሪያ ላይ። ካንሰር አይደለም፤ ከተተወ ግን ወደዚያ ሊለወጥ ይችላል። መውጣት አለበት። ሲወጣ ማሽተቴ አብሮ ሊሄድ ይችላል። ምናልባት ይመለሳል። ምናልባት አይመለስም።

ዙቤይዳ አንዷንም ቃል አልዘለለችም።

አለቀስኩ። የማያሸት ቀማሽ ምን ይባላል? ይህን ደብቀው ሊያስፈርሙኝ ነበር!

ፈለቀ ደወለ። «እንዳትጨነቂ ብለን እኮ ነው...»

«ፈለቀ፣ አፍንጫው የማነው?»

ሐኪሙን ከመፈረሜ በፊት ሁለት ቀን እንዲያስወጣኝ ጠየቅኩት። ሰጠኝ።

ጥር 23
ሁለቱን ቀን ያገኘሁትን ሁሉ አሸተትኩ። ሄል፣ ቅርንፉድ፣ የሩትን ፀጉር፣ የሊፍቱን በር ጎማ ሳይቀር። ሩት መጀመሪያ አፈረችብኝ፣ በኋላ አብራኝ ማሽተት ጀመረች። «ይቅር በይኝ» አለችኝ ቅመም ተራ መሃል። እናታችንን አስታውሳ ነው።

ዙቤይዳ ከቤቷ የተላከላትን ጥሬ ቡና በመሐረብ ቋጥራ አመጣችልኝ። አሸትቼ «ይሄ በፀሐይ የደረቀ ነው፤ ሲሰጣ ዝናብ መቶታል» አልኳት። አፏን ያዘች። ዝናቡን እናቷ በስልክ ነግረዋት ነበር።

ፈረምኩ። እያንዳንዷን መስመር አስነብቤ፣ በራሴ እጅ።

ጥር 25
ወጥቷል። ምንም አይሸተኝም። የሆስፒታሉ አልኮል እንኳ።

ሚያዝያ 6
አጋሮ። ወደ ሥራ ከተመለስኩ ሳምንቴ፤ አፍንጫዬ ገና ነው፣ በምላሴ እየቀመስኩ ነው። የምለውን ሁሉ «ልክ ነሽ» ይሉኛል። ዛሬ አንዱን ናሙና «ንጹሕ» ብዬ ጻፍኩ፤ ናርዲ ዓይኗን መሬት ላይ ተከለች። እሷን ይዤ አፋጠጥኳት። ሻጋታ ነበረው። አለቃዬ ከፈለ ሁሉንም «እንዳትነግሯት» ብሏቸዋል።

እዚህም?

ሚያዝያ 7
ጠዋት ከፈለ ፊት ቆምኩ። «ሦስት ስኒ አድርጉልኝ። ሁለቱ አንድ ዓይነት ቡና፣ አንዱ ሌላ። ሌላውን እለያለሁ። አስር ዙር፣ በየቀኑ። ውጤቱ ሰሌዳ ላይ ይጻፋል። ማሽተቴ እስኪመለስ ለናሙና የምሰጠው ነጥብ አይቆጠርም።»

«ሰው ሁሉ እያየው?» አለ።

«ሰው ሁሉ እያየው።»

ከአስር ሦስት። ዓይኑን ጨፍኖ የገመተም ያገኛታል። ቁጥሯን ራሴ ጻፍኳት፣ በትልቁ።

ሚያዝያ 19
ዛሬ አራት። አራተኛውን ግን አልገመትኩም። ውሃው ሲፈስበት የሆነ ነገር... እንደ ተቃጠለ ገለባ... ብልጭ አለና ጠፋ።

ማታ ፈለቀ ደወለ። እስከ ዛሬ ስለ እኔ ከአለቃዬ ከከፈለ ነበር የሚጠይቀው።

«ስንት ለየሽ?»

«አራት።»

«ከስንት?»

«ከአስር።»

የተለመደውን «አይዞሽ፣ ደህና ነው»ን ስጠብቅ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ጥሩ አይደለም» አለኝ።

ሳቄ መጣ። ሃምሳ ዓመት ሙሉ ወንድሜ ሆኖ እውነቱን ሲነግረኝ ይህ የመጀመሪያው ነው።

«ነገም እቀምሳለሁ» አልኩት።

«ነገም እጠይቅሻለሁ» አለ።