ልጆቹን ሃያ አራቱን ደረጃ በጀርባቸው ስላወጡልን ባልደረባችን

«መራመድ የማይችሉት ሰባቱ ልጆች ካለፈው ማክሰኞ ወዲህ ለምን ትምህርት ቤት አልመጡም?» ብላችሁ ሳትጠይቁ አልቀራችሁም። መልሱ የሚያኮራን አይደለም፤ ቢሆንም ልትሰሙት ይገባል።

የትምህርት ቤታችን የጽዳት ሠራተኛ የነበሩትና ልጆቹ «እማማ ጉልበት» የሚሏቸው ባልደረባችን፣ ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት በሥራ ገበታቸው ላይ እንዳሉ በድንገት ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል። የሥራ ገበታ ስንል ደረጃውን ማለታችን ነው። ትምህርት ቤቱን በሚያስተዳድረው ማኅበራችን ሠራተኞች፣ አባላትና ወላጆች ስም የተሰማንን መሪር ሐዘን እንገልጻለን።

እማማ ጉልበት የተቀጠሩት ለመጥረግና ለመወልወል ነበር። ከዘጠኝ ዓመት በፊት የውጭ ለጋሾች ለአካል ጉዳተኛ ልጆች ክፍል ሲያስከፍቱልን፣ ክፍሉ ፎቅ ላይ እንዲሆን ተወሰነ። ከምድር ቤቱ ሁለት ክፍሎች አንዱ ቢሯችን ሆነ፤ ሌላው በዓመት ሁለቴ ለሚመጡት የለጋሾች ተወካዮች ማረፊያ ተያዘ። በቃለ ጉባኤው ላይ «እንግዶች በደረጃ እንዳይንገላቱ» ተብሎ ሰፍሯል። ከዚያን ቀን ጀምሮ መራመድ የማይችሉትን ልጆች ጠዋት አዝለው ሲያወጡ፣ ከሰዓት አዝለው ሲያወርዱ የኖሩት እሳቸው ናቸው። ማንም አላዘዛቸውም፤ ማንም «ይተዉት» አላላቸውም።

«እማማ፣ ዛሬ ነዳጅ አለሽ?» ይላል አንዱ የታዘለ ልጅ አንገታቸውን አንቆ።
«ለአንተማ ናፍጣም አይበቃኝ! ቁርስህን ቀንስ።»

ከስድስት ዓመት በፊት ልጅ አዝለው ደረጃ ሲወጡ የተነሱት ፎቶ የማኅበሩ ካላንደር ሽፋን ሆነ። ፎቶውን ያዩ ለጋሾች ሰባት ተሽከርካሪ ወንበሮች ላኩ። ወንበሮቹ ዛሬም ከደረጃው ሥር ተደርድረዋል። ለእሳቸው የምስጋና ወረቀት ተሰጥቷቸዋል።

ከአራት ዓመት በፊት የእንግዶቹ ክፍል ለልጆቹ እንዲለቀቅ የሚጠይቅ ማመልከቻ አስገቡ። መጻፍ ስለማይችሉ፣ በየቀኑ የሚያዝሏት ተማሪ ናት እየሰማች የጻፈችላቸው። «ከፕሮጀክቱ ዕቅድ ውጭ ነው» የሚል ምላሽ ተጽፎበት ፋይል ውስጥ ገባ።

ባለፈው ዓመት በቃል ደግመው ጠየቁ። ከቢሮው አንዱ ሳቅ ብሎ፣ «አንቺ እያለሽ ምን ቸገረን፣ እማማ?» አላቸው። ሁላችንም ሳቅን። እሳቸውም ሳቁ፤ ከዚያ መወልወያቸውን አንስተው ወጡ።

ማክሰኞ ዕለት ያዘሏት ማመልከቻውን የጻፈችውን ያችኑ ልጅ ነበር። አሥራ ዘጠነኛው ደረጃ ላይ ቀስ ብለው አስቀመጧት፤ «ትንሽ ልረፍ» አሏት፤ ከዚያ አልተነሱም። ልጅቷ ተጣራች። ፎቅ ላይ ክፍሉ በኅብረት ንባብ ላይ ነበር፤ ታች እኛ ስብሰባ ላይ ነበርን። ሰው እስኪሰማት ድረስ እጃቸውን ይዛ ተቀምጣለች።

በቀብሩ ላይ አንድያ ልጃቸው አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችን፦ «የእንግዶቹ ክፍል አሁንም ባዶ ነው?» ባዶ ነበር።

ከሰባቱ የሁለቱ ወላጆች «ከእንግዲህ ማን ያወጣቸዋል?» ብለው ልጆቻቸውን ሊያስቀሩ ቆርጠዋል። ዘጠኝ ዓመት ያቃተንን ሥራ ትናንት በሜትር ለክተነዋል፤ ስምንት ዴስክ፣ አንድ ሰሌዳ፣ የግማሽ ቀን ጉልበት። ስለዚህ ቅዳሜ ጠዋት ክፍሉን ወደ ምድር ቤት እናወርዳለን፤ የእንግዶቹን ሶፋ ወደ ፎቅ እናወጣለን። የለጋሾቹን ፈቃድ ገና አላገኘንም። ቅር ካላቸው ሃያ አራቱን ደረጃ ወጥተው ይንገሩን።

ለልጃቸው፣ ለሥራ ባልደረቦቻቸውና ለሰባቱ ልጆች መጽናናትን እንመኛለን። የሁለቱን ልጆች ወላጆች የምታውቁ ሰኞ ልጆቻቸውን እንዲያመጡ ንገሩልን። እናንተም ቅዳሜ ሁለት ሰዓት ላይ ከደረጃው ሥር ጀርባችሁን ይዛችሁ ኑ፤ ሶፋው ከባድ ነው። መምጣታችሁን እስከ ዓርብ አሳውቁን።