ይማርሽ

ሰኞ፣ መጋቢት 7
ልብስ ፋብሪካው ውስጥ ኮሌታ ስሰፋ ዋልኩ። አክስቴ ከጎኔ ኪስ ትለጥፋለች። እናቴ ከሞተች ወዲህ ያሳደገችኝ እሷ፣ መርፌ ያስያዘችኝም እሷ። የጨርቁ ብናኝ አፍንጫዋ ገብቶ አስነጠሳት። እንደ መኪና ጥሩምባ ነው የምታስነጥሰው! "ይማርሽ!" አልኳት። "ያኑርሽ!" አለችኝ፣ እንደ ሁልጊዜው።

ሐሙስ፣ መጋቢት 10
አዲሱ ኮሮና ከተማችን ገባ። አለቃችን በር ላይ ቆሞ የሙቀት መለኪያውን ግንባራችን ላይ ይደቅናል። ሰውየውን "ሽጉጤ" ብለን ስም አወጣንለት። "ያሳለ፣ ያስነጠሰ፣ ቀጥታ ወደ ለይቶ ማቆያ!"
"ብናኝ ቢሆንስ ጌታዬ?" አለችው አክስቴ።
"ብናኝም ቢሆን!"
ምን ዓይነት ደረቅ ነው...

ማክሰኞ፣ መጋቢት 15
ማስነጠስ መዋጥ ተማርን። አክስቴ ምላሷን ላንቃዋ ላይ ትለጥፋለች፤ እንባዋ ዱብ ዱብ ይላል፣ ድምፅ ግን የለም። "አየሽ፣ አፍንጫዬም ተቀጠረ፤ አለቃ ይፈራል" አለችኝ። በሳቅ ልሞት!

ዓርብ፣ መጋቢት 18
ምነው አፌን በቆረጠው!
አመለጣትና ክንዷ ውስጥ አስነጠሰች። የማሽኑ ጩኸት ዋጠላት፤ ማንም አልሰማም። እኔ ግን... ሐሳቤ ሌላ ቦታ፣ "ይማርሽ!" ብዬ ጮህኩ።
ሽጉጤ ዞረ። "ማንን ነው የሚምረው?"
ሁሉም ጨርቁ ላይ አቀረቀረ። እኔም። ባልተፈለገ ሰዓት የተከፈተ አፍ፣ ሲፈለግ ተዘጋ። አክስቴ ራሷ ተነሳች።
"እኔን ነው። ብናኝ ነው ጌታዬ፣ ይለኩኝ።"
ለካት። ትኩሳት የላትም። "ሕግ ሕግ ነው" አለ። መኪና መጣ። በሩ ጋ ስትደርስ ዞር ብላ "ያኑርሽ" አለችኝ።

እሑድ፣ መጋቢት 20
ደወልኩላት። አልጋ ካልጋ ተነካክተው ነው የሚተኙት። ግራና ቀኟ ያሉት ሲያስሉ ነው የሚያድሩት።
"እትዬ፣ አንቺስ?"
"እኔማ ደህና..." ብላ ሳትጨርስ አሳላት። ከሆዷ።
"ምንድነው?"
"ብናኝ ነው" አለችኝ።
እዚያ ምን ብናኝ አለ?

ረቡዕ፣ ሚያዝያ 7
ቀበሯት። ፊቷን እንኳ አላሳዩኝም።
ሽጉጤ "ነፍስ ይማር" አለኝ። ደግሞ ጨመረበት፦ "በጊዜ ባትጠቁሚን ሁላችሁንም ታስይዝ ነበር። ጎበዝ!"
ጎበዝ... ጠላሁት። ከሱ ይበልጥ እኔን።

ሰኞ፣ ሚያዝያ 26
ማሽኗን ለኔ ሰጡኝ። ኪስ እለጥፋለሁ።
ዛሬ ብናኝ ገባብኝና አስነጠሰኝ። አልዋጥኩትም፤ እንደሷ፣ እንደ ጥሩምባ! ሽጉጤ ውጭ ነበር። ከጎኔ ያሉት ሁሉ ሰሙ። አቀርቅረው መስፋታቸውን ቀጠሉ።
ለኔው ብለው ነው፤ አውቃለሁ። እኔ ግን "ያኑርሽ" የምላት አጣሁ።