የአለቃዋ ሰዓት

ኅዳር 1፣ ሰኞ ማታ

መብራት ሄደ። ሱቁን በጊዜ ዘጋሁ። አንድ የግድግዳ ሰዓት፣ ሁለት ስልክ፣ የአንድ ተማሪ ካልኩሌተር። ሌላ ሥራ የለም። እግሬን ስታጠብ ባለቤቴ አትጠገብ ከቡሬ ገባች። በሚኒባስ አይደለም የመጣችው። የአለቃዋን መኪና ድምፅ ለይቼ አውቀዋለሁ። ከመንገዱ ማዶ ይቆማል፣ በር ይከፈታል፣ በር ይዘጋል፣ ትንሽ ቆይቶ ይሄዳል። ያቺ "ትንሽ ቆይቶ" ናት የምትገድለኝ።

በመሀረብ የተጠቀለለ ነገር ጠረጴዛው ላይ አኖረች። ስማርት ሰዓት ነው። የጎኑ መዞሪያ ጠጥሮ አልዞር ብሏል፣ እየው አለችኝ። የማን ነው? የመ/ቤት ባልደረባ። የትኛው ባልደረባ? ራት ላቅርብ ብላ ወደ ጓዳ ገባች።

አንተ አጀንዳ፣ አንተም ከዚያው መ/ቤት ነው የመጣኸው። ለአዲስ ዓመት ለሠራተኛ ሲታደል እሷ ናት ያመጣችህ። የመጀመሪያው ገጽህ ላይ የቡሬ ቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጅ (ከእንግዲህ ሥ/አ) ከነፎቶው መልካም ምኞቱን ይገልጥ ነበር። ፈገግ ብሎ። ገጹን ከሽፋንህ ጋር በሱፐር ግሉ አጣበቅሁት። ከዚያ ወዲህ በሰላም እናወራለን።

እዚህ ፍኖተ ሰላም የመስኮት ካሸር ነበረች፤ ከሰኔ ጀምሮ እዚያ ቡሬ ዋና ካሸር ናት። እድገት ነው። በግ አርጄ ደስ ብሎኛል ያልኩ እኔ ነኝ። በሐምሌ ደግሞ የዚያ ሰውዬ ነገር ደጄን አይረግጥም ያልኩም እኔው። ጮኼ ነው ያልኩት፤ ጎረቤትም ሰምቷል።

ኅዳር 2፣ ማክሰኞ ጠዋት፣ ሱቅ

ቻርጅ ላይ ሰካሁት። ስክሪኑ በራ። ስም አለው፣ በእንግሊዝኛ ፊደል። አንብቤ ደገምኩት። የሥ/አ ስም ነው። ባልደረባ!

ተረጋጋ አልኩ ራሴን፤ ሥራ ሥራ ነው። መዞሪያውን ሞከርኩት፦ ግማሽ ይሄድና ይይዛል። ጠዋት በብርድ ይብስበታል። እንዲህ ያለውን የሚያጠጥረው ላብና አቧራ ነው፤ ቡሬ ሲሆን የበርበሬ ብናኝ ይጨመርበታል። ማስለቀቂያው ቀላል ነው፤ አጥፍቶ ለብ ያለ ንጹሕ ውሃ እያፈሰሱ ማዞር፣ በለስላሳ ብሩሽ መጥረግ። ቅባት ክልክል ነው። ቅባት አቧራ ይጠራል።

ማጉያዬን ዓይኔ ላይ ሰክቼ በመርፌ ጫፍ ጫርኩት። ነጭ የረጋ ቅባት ወጣ። አሸተትኩት።

አደስ። አደስና ቅርንፉድ። የሚስቴ ፀጉር!

እናቷ ከግሽ ዓባይ አንጥረው የሚልኩላት ቅቤ ነው። ቅርንፉዱን እንደሳቸው የሚያበዛ ሰው አላየሁም። ትራሴ ላይ ስንት ዓመት ያሸተትኩትን ልስተው? የሚስቴ የራስ ቅቤ የሰው አንጓ ላይ ምን ያደርጋል? ያ እጅ የት ገብቶ ነበር? መርፌውን ጥዬ ወጣሁ። ሻይ አዘዝኩ። ስኳር እንዳልጨመርኩበት ያወቅሁት ከጨረስኩ በኋላ ነው።

ኅዳር 3፣ ረቡዕ

ደረሰ ወይ ብላ ጠየቀችኝ። መለዋወጫ ዕቃው ጠፋ አልኳት። ዓይኔን አላየችም። ወይስ እኔ ነኝ ያላየሁት?

ሱቅ ውስጥ ሰዓቱን እጄ ላይ አሰርኩት። ለሙከራ ነው። ማሰሪያው ሰውዬው ከሚያስርበት ቀዳዳ ሁለት ጠበቅ ሲል ነው ለኔ የሚሆን። ወፍራም ነው ማለት ነው። ትንሽ ደስ አለኝ።

ደስታዬ አልቆየም። ሰዓቱ ተንቀጠቀጠና ቁጭ ብለህ ሳለ ልብህ ከልክ በላይ ይመታል አለኝ። እኔስ መች አጣሁት? ቆይቶ ደግሞ በረጅሙ ተንፍስ ይለኛል። የሱ ሰዓት እኔን ሊመክር! አውልቄ መሳቢያ ውስጥ ወረወርኩት።

ማታ ስልክ ይዛ ትስቃለች። ጓዳ ገብታ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። ከማን ጋር ናት? በመጋረጃው አጠገብ ውሃ ልቀዳ ሄድኩ። ውሃ አልጠማኝም። እናቷ ነበሩ። ቢሆንም።

ኅዳር 4፣ ሐሙስ ማታ

ማንኩሳ ባትሪ ልገዛ ብዬ ወጣሁ። ማንኩሳን በሚኒባስ መስኮት አየሁት፤ ቡሬ ነው የወረድኩት።

የበርበሬ ወቅት ነው። ጭነት መኪናው፣ ማዳበሪያው፣ ሜዳው ሁሉ ቀይ። ከመ/ቤቷ ፊት ለፊት ካለ ሱቅ ደጃፍ ተደብቄ ቆምኩ። ሰላይ ያስነጥሳል? እኔ አስነጠስኩ። ባለሱቁ ይማርህ እያለ ሰለቸው። ቤት ብቀመጥ ይሻለኝ እንደነበር ያን ጊዜም አውቄዋለሁ። ግን አልሄድኩም።

ሥራ ሲያልቅ ወጡ። ሥ/አ ወፍራም ነው፣ ልክ ነበርኩ። ሰዓቱ ይታሰርበት የነበረው አንጓው ነጥቶ ባዶ ሆኖ ይታያል። የፊተኛውን በር ከፈተላት። ገባች። የሆነ ነገር አላት፤ ሳቀች። እቤት እንዲህ ከሳቀች ቆይታለች። ከኋላ ሌሎች ሁለት ሠራተኞች ገብተዋል። አላየሁም ልልህ ነበር፤ አይቻለሁ። ግን የፊቱ ወንበር ለምን ለሷ?

መንገድ በተዘጋ ጊዜ እዚያው ታድራለች፤ ከአንዲት ሴት ባልደረባዋ ጋር ነው የማድረው ትለኛለች። ዛሬ ያችንም ሴት መጠርጠር ጀመርኩ።

እኔ ስደርስ እሷ ደርሳ ነበር። የት ዋልክ? ማንኩሳ። ባትሪውስ? አልቋል አሉ። ዓይኔ በበርበሬ ቀልቷል። ሳታምነኝ ራት አቀረበች። አሁን ሁለታችንም ውሸታም ሆንን።

ኅዳር 5፣ ዓርብ

አደረግሁት። ላንተ ካልተናገርኩ ለማን እናገራለሁ።

ሱፐር ግሉ፣ በመርፌ ጫፍ፣ በመዞሪያው ዙሪያ። ያው አንተን ያጣበቅሁበት ነው። አጎቴ ይህን ሙያ ሲያስተምረኝ የሰው ሰዓት አደራ ነው ይለኝ ነበር፤ ድምፁ ጆሮዬ ላይ መጣ፤ አላዳመጥኩትም። ደረቀ። አሁን ማንም አያዞረው። ምን ሆነ ቢሉኝ አበላሸሁት አልልም፤ መለዋወጫ ዕቃው ጠፋ እላለሁ።

እስከ ምሳ ድረስ ደስ ብሎኝ ነበር። ከምሳ በኋላ አንድ ሽማግሌ የኪስ ሰዓታቸውን ይዘው መጡ፣ እጅህ ይባረክ አሉኝ። ቀና ብዬ ላያቸው አልቻልኩም።

ኅዳር 6፣ ቅዳሜ፣ ቁስቋም

ቤተ ክርስቲያን አብረን ሄድን። ፀጉሯን ተሠርታ፣ ቅቤ ተቀብታ፣ ነጭ ለብሳ። ሰው ያያታል። ያያትን ሁሉ ተራ በተራ አየሁት።

የንስሐ አባታችንን መምሬ አላምረውን ከዋርካው ሥር ለብቻቸው አገኘኋቸው። ቅቤውን፣ ሰዓቱን፣ የፊቱን ወንበር አንድም ሳላስቀር ነገርኳቸው። ሙጫውን ብቻ ዘለልኩት። ያልጠረጠረ ተመነጠረ አልኳቸው በመጨረሻ።

የዝንብ ጭራቸውን አወዛወዙ። ከዚያ፦ "እሱስ እውነት። ጠርጥረህ ማንን ጠየቅህ ልጀ?"

ማንንም አልኳቸው።

"እንግዲያ ከሳሹም ምስክሩም ዳኛውም አንተ። ተከሳሿስ መቼ ትጠራ?"

ተናደድኩባቸው። ስግደት ጨመሩልኝ። ሲሄዱም መስቀላቸውን አሳልመው ሳቅ አሉ፤ ያ ሳቅ ከስግደቱ ይልቅ ከበደኝ።

ኅዳር 7፣ እሑድ ከሰዓት

ቶሎ ልጻፈው።

ከቅዳሴ መጣን። የግቢው ጓጉንቸር አልከፈት አለ። ቁልፉን ብጠመዝዝ፣ ብነቀንቅ፣ በሩን ብመታ አይሆንም። ሰዓት ሠሪ ነኝ እኮ! ተሳደብኩ። "ኧረ ወዲህ በለው አንተየ" ብላ ቁልፉን ከእጄ ወሰደች። ጣቷን ወደ ፀጉሯ ሰደደች። ከሹሩባው መሐል ቅቤ ጠረገችና ቁልፉን አሸችው። አስገባች፤ ዞረ። ከፍታ ገባች።

እኔ በሩ ላይ ቀረሁ። አደስና ቅርንፉድ አየሩን ሞላው።

ስንት ዓመት አይቻታለሁ! የሣጥኑን ቁልፍ እንዲህ ታደርጋለች። የጃንጥላውን ዘንግ እንዲህ ታደርጋለች። የጠጠረ ነገር ሁሉ መድኃኒቱ ራሷ ላይ ነው፤ እናቷም እንዲሁ ናቸው። ያየሁትን ሁሉ በቅናት አጠፋሁት።

ተከትያት ገባሁ። ጠየቅኋት። የሰዓቱ ባለቤት ማነው? ሥ/አ ነው አለች፣ ሳትደናገጥ። ትጥለዋለህ ብዬ ፈርቼ ነው ባልደረባ ያልኩህ። አስቀድሜ እኔው በቅቤ ሞክሬው ነበር፤ ጭራሽ ባሰበት። ታዲያ ማን ውሰጂ አለሽ? ነጠላዋን ስታጥፍ ስትዘረጋ ቆየች።

ከዚያ ነገረችኝ። ወደ ፍ/ሰላም ልመለስ ብላ ዝውውር ጠይቃለች። ዋና ካሸርነቱን ትታ፣ ወደ ድሮው መስኮቷ። ሥ/አ ባለፈው ሳምንት ፈረመላት፣ እያዘነ። ለምስጋና ባሌ ይሠራልሃል ብላ ሰዓቱን ተቀበለችው። ደብዳቤው ሲደርስ ልታስደስተኝ አስባ ነበር። እንደ ድሮው እንድትስቅልኝ ብዬ ነው አለችኝ።

አቃጠለኝ። እድገቷን ሸጣ የኔን ፊት ልትገዛበት! እኔ ደግሞ በዚያው ሳምንት ሙጫ ይዤ ተቀምጫለሁ። እቅፍ አድርጌ ነገ ይደርሳል አልኳት።

የፊቱን ወንበር ነገር አልጠየቅኋትም።

ኅዳር 8፣ ሰኞ፣ ሱቅ

ከጠዋት ጀምሮ እሱ ላይ ነኝ። ሌላ ሥራ አልተቀበልኩም። የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ በመርፌ ጫፍ፣ ጠብታ በጠብታ፣ ስክሪኑ እንዳይነካ ተሸፍኖ። ትንሽ መጫር፣ መጠበቅ፣ እንደገና መጫር። ቢሰበር ምን ብዬ ልነግራት ነው? ላቤ ጠረጴዛው ላይ ይንጠባጠባል። እግዜር ይርዳኝ።

ምሳ ሊደርስ ሲል ለቀቀ። በለብታ ውሃ አጠብኩት፣ አዞርኩት፣ አጠብኩት። ቅቤውም ሙጫውም ብናኙም ወጣ። አሁን በአንድ ጣት ይዞራል፣ ዝርዝሩ ስክሪኑ ላይ ይወርዳል ይወጣል። ሲዞር እጅ ላይ ትክ ትክ ይላል። ደስ ይላል።

ግን በጠርዙ ዙሪያ ነጭ ቀለበት ቀርቷል። የሙጫ ጠባሳ ነው። ብፈትገው አይለቅም።

በዚያው ቀን፣ ማታ

ሰጠኋት። አዞረችው፣ ፊቷ በራ፣ እጅህ ይባረክ አለችኝ። ከዚያ ወደ መብራቱ ዘወር አደረገችው። ይህ ነጭ ነገር ምንድነው?

ቆይ አልኳት። ወደዚህ ክፍል መጥቼ አንተን ከፈትኩ። እሷ እዚያ ሰዓቱን ይዛ ተቀምጣለች።

ከፋብሪካው የመጣ ነው ብላት ታምነኛለች። እንደዚያ ብዬ ብተኛ ነገ ሰዓቱን ትመልሳለች፣ ደብዳቤው ይደርሳል፣ መስኮቷ ላይ ትቀመጣለች፣ እኔም በየቀኑ እቤቴ አገኛታለሁ። የምፈልገው ይህንኑ አልነበረም?

ቅናቴ አልሞተም፤ አንተን አልዋሽህም። አሁንም የዚያ መኪና በር ሲዘጋ ጆሮዬ ውስጥ እሰማዋለሁ። የፊቱንም ወንበር አንድ ቀን መጠየቄ አይቀርም። ግን እሱን የምሸከመው እኔ ነኝ። እሷ በእንጀራዋ ልትከፍልበት አይገባም።

ስለዚህ ነገ አብሬያት ቡሬ እወርዳለሁ። ሰዓቱን በእጄ ለባለቤቱ እሰጣለሁ፣ ምን እንዳደረግሁበትም ራሴ እነግረዋለሁ። ዝውውሩን ትተወው እንደሆነ እሷ ታውቃለች፤ ለኔ ብለሽ አትምጪ እላታለሁ።

እየጠራችኝ ነው። አንተ አጀንዳ፣ ለሷ መነገር የነበረበትን ሁሉ ስነግር የከረምኩት ላንተ ነው። መጣሁ አልኳት። ከየት ልጀምር? ቡሬ ላይ ስላስነጠስኩት? ስለ ባትሪው?

የለም። ከሙጫው እጀምራለሁ።