ሙቀት የማይወደው ፔዳል

ጥር 14፣ ሐሙስ

ሽንዲ ዋልኩ። የአባ ሰንጋ ክትባት። ሰባ ምናምን ከብት... መቁጠር ትቻለሁ። አንዷ ላም እግሬን ረገጠችኝ። ባለቤቷ "አይዞሽ፣ ምንም አትሆንም" አለኝ። ላሟን ማለቱ ነው።

ቤት ገብቼ ጊታሩን ሰካሁ። ቢጫውን ፔዳል ረገጥኩ። ያው ነው። ጨዋ፣ የተቆጣ ለመምሰል የሚጣጣር። አረንጓዴው ደግሞ ጠርሙስ ውስጥ የገባ ዝንብ። ሁለቱም ከአዲስ አበባ የመጡ፣ ሁለቱም ፈዝ የሚባሉ። ሥራቸው የጊታሩን ድምፅ መቅደድ ነው። ይቀድዳሉ፤ ግን በመቀስ። እኔ የምፈልገው በጥርስ የተቀደደ ነው።

አምና ለክትባት ስንቀሰቅስ የመኪናው ሞንታርቦ ተቀድዶ "ከብት ያላችሁ" የሚለው ቃል ገደል ለገደል እንደሚንከባለል ድንጋይ ሆነ። ሰው ሁሉ ጆሮውን ያዘ። እኔ መርፌ እንደያዝኩ ፈዝዤ ቀረሁ። ያ ድምፅ ነው የምፈልገው... ይኼ ለማን ይነገራል?

ጥር 16፣ ቅዳሜ

ከድራም መቺዬ ከቢያድግልኝ ጋር ወደ ቀጂው ወደ ኪዳነ ማርያም ስቱዲዮ ሄድን። ቡሬ ውስጥ ድራም የሚያስገባ ክፍል ያለው እሱ ነው። ግድግዳው በእንቁላል ማስቀመጫ ካርቶን ተለብጧል።

"ምን ዓይነት ዘፈን ነው?"
"ሳይኬደሊክ። ከባድ ሮክ።"
"ለሠርግ ይሆናል?"
"አይሆንም።"
"ለልቅሶ?"
አሰብኩበት። "ምናልባት።"
"ግጥሙስ?"
"የለውም። ዘጠኝ ደቂቃ ነው።"

ቢያድግልኝን አየው። ቢያድግልኝ ጣሪያውን አየ።

ከየካቲት 9 ጀምሮ ጾም ነው፤ እስከ ፋሲካ መዝሙር ብቻ ነው የምቀዳው አለ ኪዳነ ማርያም። ቢያድግልኝ ደግሞ ባጃጁን ሸጦ በጅቡቲ መስመር የከባድ መኪና ሥራ ይዟል። ጾም ሲገባ ይሄዳል። ስድስት ዓመት አብረን ተለማመድን። አንድ ደቂቃ እንኳ አልቀዳንም። ሁልጊዜ "ድምፁ ገና ነው" የምለው እኔ ነኝ።

የካቲት 7 ተያዘልን። አንድ ቀን ብቻ። እና ድምፁ ገና ነው።

ጥር 20፣ ረቡዕ

ፍኖተ ሰላም ወረድኩ። አያ ገደፋው የሚባሉ የድሮ ሬድዮ ጠጋኝ አሉ ብሎ የላከኝ ቢያድግልኝ ነው። ሱቃቸው ከወለል እስከ ጣሪያ ሬድዮ። ጊታሩን አገላብጠው አዩት።

"ምን ሆነ?"
"ምንም አልሆነም። ደኅና ነው።"
"ታዲያ?"
"እንዲታመም ነው የምፈልገው።"

መነጽራቸውን አወለቁ። "ሥራሽ ምንድን ነው አልሽኝ?"
"የእንስሳት ጤና።"
"እግዜር ለከብቶቹ ይድረስላቸው።"

ፔዳል ምን እንደሆነ አስረዳሁ። በእግር የሚረገጥ ሳጥን፣ ድምፅ ጤነኛ ሆኖ ይገባል፣ ተቀድዶ ይወጣል። አልገባቸውም። በአፍሽ አሰሚኝ አሉ። ደንበኛ ቆሟል... ምን አማራጭ አለኝ? በጉሮሮዬ አጓራሁ። ደንበኛው ሬድዮውን ታቅፎ ወደ በሩ አፈገፈገ። አያ ገደፋው ግን አንገታቸውን አዘነበሉ።

"ቀረብ ብለሽ ድገሚው።"

ደገምኩት። ሦስት ጊዜ። በመጨረሻ መፍቻ አነሱና "ሰኞ ነይ" አሉኝ።

ጥር 25፣ ሰኞ

ማለዳ ደረስኩ። በተማሪ የጂኦሜትሪ መሣሪያ ቆርቆሮ ውስጥ ገጥመውታል። ክዳኑ ላይ ኮምፓሱና ማስመሪያው እንደተሳሉ ናቸው።

ረገጥኩት።

አምላኬ።

ከበገና ክር ሥር እንደሚገባው ቆዳ፣ እንደ እንዝራ፣ ዝዝዝ ይላል፤ ግን በገናው በሬ የሚያህል። አንዱን ክር ብቻ መታሁ፤ መደርደሪያ ላይ ያሉት ሬድዮዎች ተንቀጠቀጡ። አያ ገደፋው "ይኼ ነው?" አሉ። ደግሜ መታሁት። ሽቅብ እያዩኝ ፈገግ አሉ። ሒሳብ ስጠይቃቸው "መጀመሪያ ይሥራ" ብለው በእጃቸው ሸኙኝ።

ቡሬ ስደርስ ቀትር ሆኗል። ሰካሁት። እንደ ታመመ ጥጃ እ...እ...እ... አለና ዝም። ተቃጠለ? መንገድ ላይ ምን ነካው?

ጥር 26

ጠዋት በሬ። ቀትር ላይ ጥጃ። ማታ እንደገና በሬ። ላብድ ነው።

ጥር 27፣ ረቡዕ

ደወልኩላቸው።

"ይሞቀዋል" አሉ። "ከድሮ ሬድዮ የወጣ ትራንዚስተር ነው፤ የድሮ ሰው ነው፤ ሙቀት አይወድም።"
"ታዲያ ምን ላድርገው?"
"ጥላ አስይዥው።"

ጥላ አስያዝኩት። እርጥብ ጨርቅ ጠቀለልኩበት። በመጨረሻ አንድ ነገር ትዝ አለኝ፤ መሥሪያ ቤት ጣይው የተባልኩት፣ እጀታው የተሰበረ የክትባት ሳጥን ቤት አለ። በረዶ አስገባሁ፣ ፔዳሉን በፕላስቲክ ጠቅልዬ በረዶው ላይ አስቀመጥኩ፣ ገመዱን በክዳኑ ሥር አወጣሁ። የክትባት ቴርሞሜትሬንም ጨመርኩ። ልማድ ነው።

12 ዲግሪ፦ ዝም ብሎ ይጮኻል።
14፦ እሱ ነው።
17፦ መለመን ይጀምራል።
20፦ ጥጃ።

ቢያድግልኝ መጥቶ ሳጥኑን ከፈተ፣ አየ፣ ዘጋ። "ሰው ልጅ ያሳድጋል" አለ።

የካቲት 2፣ ሰኞ

ገበዝ ማርያም። ለሁለት ቀን ዘመቻ ተልኬ ነው። ደጋ ስለሆነ ፔዳሉን ይዤ መጣሁ፤ እዚህ በረዶ ባይኖርም ይሠራል ብዬ። የመንግሥት ክትባት በራሱ ሳጥን፣ የኔ በተሰበረው። አልተቀላቀለም። ይኼን የምጽፈው ለራሴ ነው፤ ግን ይጻፍ።

ሥራ ስንጨርስ ገና ፀሐይ አለ። በባትሪ የምትሠራውን ትንሿን አምፕ ከአጥሩ ጀርባ ተክዬ ረገጥኩ። እማማ ወይኒቱ የሚባሉ ሴት በሬያቸው ሦስት ቀን ድርቆሽ አልቀምስ ብሎ ተኝቶባቸዋል። ድምፁን ሲሰማ ዘሎ ተነሣ። አጥሩን ዞረ። ከዚያ በላ።

"ልጄ፣ ይኼ ለበሬ ብቻ ነው ወይስ ለላምም ይሆናል?"
"እማማ፣ ደንግጦ ነው የተነሣው። መድኃኒት አይደለም።"
"ዋናው መነሣቱ ነው" አሉኝ።

የካቲት 3፣ ማክሰኞ

ሰልፍ። ከጎሕ ጀምሮ ሰልፍ። አምና ከብቱን ጫካ የደበቀው ሁሉ መጥቷል። "መርፌው ይቅርብን፣ ድምፁን ስጪን።"

ተደራደርኩ። መጀመሪያ መርፌ፣ ከዚያ ድምፅ። ያልተከተበ አይሰማም። እስከ ዘጠኝ ሰዓት የቀበሌው ከብት አንድ ሳይቀር ተከተበ። በቅሎም መጣ፤ ድምፅ ብቻ ሰጠሁት። አንድ ሰውዬ አማቱን ይዞ መጣ። መለስኳቸው። አማትየው ቅር አላቸው።

ጣቴ ቆስሏል። እንዲህ ያለ ሕዝብ ፊት ተጫውቼ አላውቅም። ከብትም ይቆጠራል? ይቆጠር።

የካቲት 4፣ ረቡዕ

ፔዳሉን ወሰዱብኝ።

ወሬው ቀድሞኝ መሥሪያ ቤት ደርሷል፤ ያልተመዘገበ መድኃኒት ትሰጣለች ተብዬ። የንብረት ክፍሏ እህተ ማርያም ሳጥኑን ከፍታ ቆርቆሮውን በሁለት ጣት አነሣችው።

"የግሌ ነው።"
"በክትባት ሳጥን ውስጥ ተገኘ።"
"ሳጥኑ የተጣለ ነው እኮ!"
"የተወገደበት ደብዳቤ አለሽ?"

የለኝም። የንብረት ገቢ ደረሰኝ፣ ሞዴል 19፣ ቆረጠችልኝ። *ዓይነት፦ ቆርቆሮ። ብዛት፦ 1። ጥቅሙ፦ በማጣራት ላይ።*

ዓርብ ኮሚቴ ይቀመጣል። ቅዳሜ ቀረጻ ነው። ቢያድግልኝ "በቢጫው እንቅዳው፤ እኔ ልዩነቱ ብዙም አይሰማኝም" አለኝ። ስድስት ዓመት ሙሉ ልዩነቱ አይሰማውም ነበር ማለት ነው? አኮረፍኩት። ወዲያው ደግሞ እንደሚሄድ ትዝ አለኝና ማኩረፌን ተውኩት።

የካቲት 6፣ ዓርብ

ኮሚቴው የሠራው ሰው ቀርቦ ያስረዳ አለ። አያ ገደፋው ካፖርታቸውን ለብሰው በሚኒባስ መጡ። ሦስት ሰው ፊት ቆሙ።

"መድኃኒት ነው?" አሉ ሰብሳቢው።
"አይደለም።"
"ታዲያ ምንድን ነው?"
"ጩኸት ነው።"
"ለምን ይጠቅማል?"

ዘወር ብለው አዩኝ። "እሱን እኔም እየጠበቅሁ ነው።"

ይሰማ ተባለ። አዳራሹ ውስጥ ሰካሁ። ሰብሳቢው በመጀመሪያው ምት ጆሯቸውን ያዙ፣ ቀጥለው ጣታቸውን ትንሽ ከፈቱ፣ ከዚያ "ይቀጥል፣ ለቃለ ጉባኤው ነው" አሉ። ሰባት ደቂቃ ለቃለ ጉባኤው ተጫወትኩ።

ማኅተም ያለው ወረቀት ሰጡኝ። *ዕቃው ምንም ዓይነት የመፈወስ አቅም የሌለው መሆኑ በኮሚቴው ፊት ተረጋግጧል።* ስለ ሙዚቃዬ የተጻፈ የመጀመሪያው ነገር ይኼ ነው።

እህተ ማርያም ቆርቆሮውን ስትመልስልኝ ጆሮዬ ሥር መጣች። "ወገቤን ቀለል አለኝ። ለማንም እንዳትነግሪ።"

የካቲት 7፣ ቅዳሜ



መብራት እስከ ስድስት ሰዓት አልነበረም። ሲመጣ ስቱዲዮው ምድጃ ሆኗል። ከግሮሰሪ የለመንኩት በረዶ ግማሹ ውኃ። አያ ገደፋው ዘመድ ቤት አድረው ነበርና እንያችሁ ብለው መጡ፤ ጥግ ላይ ተቀመጡ። የመጀመሪያውን ስንቀዳ... ቆንጆ ነበር፣ በጣም ቆንጆ... ስምንተኛው ደቂቃ ላይ መብራት ድርግም። ምንም አልተረፈም። ኪዳነ ማርያም ግንባሩን ጠረጴዛው ላይ አስደገፈ።

መብራት ስንጠብቅ አያ ገደፋው ኪዳነ ማርያምን "የዛሬ ዜና ምን አለ?" ብለው ጠየቁት። ትናንትም በሚኒባሱ ሹፌሩን ዜና ክፈትልኝ ብለውት እንደነበር ነገሩን።

"አያ ገደፋው፣ ሬድዮዎትስ?" አልኳቸው።

በአገጫቸው ሳጥኑን አሳዩኝ።

"ምን?"
"እንዲህ ያለ ትራንዚስተር የቀረው የኔው ሬድዮ ላይ ነበር። ሠላሳ ስምንት ዓመት ሰማሁበት፤ ይበቃል።"

ያን ሁሉ ሬድዮ የሚጠግን ሰው። የራሱን አፍርሶ። ለኔ ማጓራት! ምን እላለሁ? መብራት መጣ።

በረዶ የለም። ሳጥኑ ውስጥ 14። ቢያድግልኝ "አሁን ካልሆነ የለም" አለና መታ።

ጀመርን። በሬው ነበር። ሦስተኛው ደቂቃ ላይ ቴርሞሜትሩን አየሁ፤ 16። ድምፁ መሳሳት ጀመረ። ማቆም ነበረብኝ? ስድስት ዓመት ሙሉ የማቆመው እንዲህ ሲሆን ነው። አላቆምኩም። 17፣ መለመን ጀመረ፤ እኔም አብሬው ለመንኩ። ቢያድግልኝ ሰማው። ዛሬ ሰማው! ዱላውን አቀለለ፣ ዘገየ፣ አጀበው። ዘጠነኛው ደቂቃ ላይ ጥጃው ብቻ ቀረ፤ እ... እ... ከዚያ የእንቁላል ካርቶኑ ዝምታ።

ኪዳነ ማርያም "ልድገመው?" አለ። አያ ገደፋው ካፖርታቸውን እስከ አገጫቸው ቆልፈዋል። በዚያ ሙቀት።

"ይኼው ነው" አልኩ። በሕይወቴ ይህን ቃል ስል የመጀመሪያዬ ነው።

የካቲት 8፣ እሑድ

ቅበላ። ቢያድግልኝ ዛሬ ሄደ። ከመኪናው መስኮት "ልዩነቱ ገብቶኛል" ብሎ ጮኸ። የትኛው ልዩነት? አልጠየቅሁትም።

የካቲት 17፣ ማክሰኞ

እረፍት ወስጄ ፍኖተ ሰላም ወረድኩ። ትራንዚስተራቸውን ልመልስ። ሌሊቱን ከራሴ ጋር ስሟገት አድሬ ነበር። ሲነጋ ቆርቆሮውን ጠረጴዛቸው ላይ አኖርኩ።

"ውሰጅው" አሉ።
"አያ ገደፋው፣ ዜናዎትን..."
"ዜና ከተውኩ ወር ሊሆነኝ ነው። ጤና ጣቢያ ሄድኩ፤ ደም ግፊቴ ወርዷል። ነርሷ ምን በልተው ነው አለችኝ። ምንም አልበላሁም፣ ምንም አልሰማሁም አልኳት።"

በገፋሁት ቁጥር እየገፉ መለሱልኝ። በመሐል መሪጌታ ወልደ ሥላሴ የሚባሉ ሽማግሌ ሬድዮ ይዘው ገቡ፤ ድምፁ ያንኮራፋል፣ ይሰነጠቃል። ለጾሙ ስብከት የሚሰሙበት ነው። አያ ገደፋው ጆሯቸውን አስጠጉ። ዓይናቸውን ጨፈኑ።

"ይኼማ ደኅና ነው፤ አይነካም።"
"ምኑ ነው ደኅና? ቃሉ አይሰማም እኮ!"
"ድምፁን ስሙት እንጂ፣ የምን ቃል! ስሙት... እንዴት አድርጎ እንደተቀደደ!"

መሪጌታ እኔን አዩኝ። "ይኼ ሰው ምን ነካው?"

ጥፋቱ የኔ ነው ማለት ከበደኝ። የመበየጃውን ካውያ አነሣሁ። አያ ገደፋው አኮረፉ፤ ፊታቸውን ወደ በሩ አዞሩ፤ ግን ስሳሳት በሳል ያስቆሙኛል። አንድ ሳል፦ እሱን ሽቦ አትንኪ። ሁለት ሳል፦ ቀጥሎ ያለውን። ተላቅቆ የቆየ አንድ የሽቦ ጫፍ አገኘሁ፤ ብየዳ ጠብ አደረግሁበት።

አንዲት ሴት አጠገቤ የቆመች ያህል ጥርት ብላ መናገር ጀመረች። ስለ በቆሎ ዘር ነው። ሦስታችንም እስከ መጨረሻው ሰማናት።

መሪጌታ መርቀውኝ ሄዱ። አያ ገደፋው በሩ ላይ እንደቆሙ፣ ሳይዞሩ፦

"ቅዳሜ ትመጫለሽ?"
"ለምን?"
"እንዲሁ ተቀድደው የሚጮኹ ሦስት ሬድዮ ተቀምጠዋል። እኔ ጠግኜ ላበላሻቸው አልችልም፤ ሳዝንላቸው ከረምኩ።"

እመጣለሁ አልኩ።