ቀይ ክር ይዘው በር ላይ የቆሙት አባታችን

የሥራ ባልደረቦቻቸው «ጋሽ ቆይ» የሚሏቸው አባታችን ከአናጢ አባታቸውና ከአዋላጅ እናታቸው የዛሬ ሰባ አራት ዓመት ተወለዱ። በርን በእጅ ዳብሶ መፈተሽን ከአባታቸው፣ እጅን ደጋግሞ መታጠብን ከእናታቸው የተማሩት ገና ፊደል ሳይቆጥሩ ነው።

በሃያ ሦስት ዓመታቸው በማይክሮባዮሎጂ ተመርቀው በማዕከላዊው የጤና ላቦራቶሪ ተቀጠሩ። በሃያ ሰባት ዓመታቸው የላቦራቶሪውን ጋዎን ይሰፉ ከነበሩት እናታችን ጋር ትዳር መሥርተው ሦስት ልጆች አፈሩ።

በአርባ አንድ ዓመታቸው የብሔራዊ የደህንነተ ሕይወት አማካሪ ኮሚቴ አባል ሆኑ። ኮሚቴው አደገኛ ተህዋስያን የሚመረመሩባቸውን ክፍሎች አይቶ «ይከፈት» ወይም «አይከፈት» ሲል መንግሥትን ያማክራል። አባታችን የመጀመሪያውን ማመልከቻ፣ ሦስት መቶ ገጽ፣ አንድም ሳይዘሉ አንብበው ፈረሙ። የመክፈቻው ቀን ተቆርጦ ስለነበር ግን ክፍሉን ሄደው አላዩትም። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ነውና፣ አራት ወር ሳይሞላ ከክፍሉ በር አጠገብ ኮሪደር ላይ ተቀምጠው ብልቃጥ የሚያጥቡ ሴት በጽኑ ታመሙ። አርባ ቀን ተኝተው ዳኑ። ሊጠይቋቸው የሄዱትን አባታችንን፣ «ወረቀቱን አንብበውታል አሉ። እኔ የምቀመጥባትን በርጩማስ ማን አየልኝ?» አሏቸው። አባታችን ይህን ጥያቄ እስከ እርጅናቸው ድረስ እየደገሙ ያወሩልን ነበር።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ከእናታችን የስፌት ሳጥን የተወሰደ ቀይ ክር ከኪሳቸው አልጠፋም። በሩ ገርበብ ሲል በክፍተቱ ላይ የተንጠለጠለው ክር ወደ ክፍሉ ካዘነበለ ደግ ነው፤ ወደ ኮሪደሩ ካዘነበለ የውስጡ አየር ከነበሽታው ወደ ሰው እየወጣ ነው። ሚኒስትር ይምጣ ፕሮፌሰር፣ «ቆይ!» ብለው ክራቸውን ያንጠለጥሉ ነበር። እናታችንም «ክሬን መንግሥት ጨረሰው» እያሉ ይቀልዱባቸው ነበር።

በስድሳ ሦስት ዓመታቸው፣ የኮሚቴው ሰብሳቢ ሳሉ፣ ሊመረቅ የተዘጋጀው ትልቅ ላቦራቶሪ ኃላፊ ይህን የምትጽፈው ሁለተኛ ልጃቸው ነበረች። አባታችን ዝምድናቸውን በቃለ ጉባኤ አስመዝግበው፣ «ድምፅ አልሰጥም፤ ክሩን ግን እይዛለሁ» አሉ። ተጋባዦች ኮሪደሩን ሞልተው ሳለ ክሯ ወደ እነሱ አዘነበለች። ኮሚቴው «አይከፈት» አለ። ልጃቸው አዋረዱኝ ብላ አምስት ወር አኮረፈቻቸው። ጣሪያው ሲከፈት አየር ማውጫው ተገልብጦ ተገጥሞ ተገኘ። ከኮሪደሩ ጫፍ ሦስት የብልቃጥ አጣቢ በርጩማዎች ተደርድረው ነበር። ልጃቸው እንባዋን እያበሰች ቤት ስትመጣ አባታችን «በልተሻል?» አሏት። ከክሩም ቆርጠው ሰጧት።

የሌሎች ሥራ ይታያል፤ ድልድይ ነው፣ ሕንፃ ነው። ሳይቃጠል በቅጠል ያሉት የአባታችን ሥራ ግን ያልታመመ ሰው ነው። እሱም አያውቃቸውም። ስንቱ በየኮሪደሩ በሰላም እንዳለፈ ስናስብ እኛ ልጆቻቸው ዛሬም ይደንቀናል።

ባለፈው ወር ሳንባቸውን ታመው፣ ሕመሙ እስኪለይ ሆስፒታል ውስጥ ለብቻቸው ክፍል ተኙ። ልጃቸው በሩን ገርበብ አድርጋ ልትገባ ስትል እጃቸውን አንስተው አስቆሟት። ገባት፤ ክሯን ከኪሷ አውጥታ አንጠለጠለች።

«ወዴት ነው?» አሉ።

«ወደ ውስጥ ነው፣ አባዬ።»

«እንግዲያው ጭንብልሽን አጥብቂና ግቢ።»

ባለፈው እሑድ ረፋድ ላይ፣ በተወለዱ በሰባ አራት ዓመታቸው፣ ቤተሰባቸው ባለበት ዐረፉ። ባለቤታቸው፣ ሦስት ልጆቻቸው፣ አምስት የልጅ ልጆቻቸው፣ እንዲሁም ዛሬ ከእናታችን ጎን የተቀመጡት እኚያ ብልቃጥ አጣቢ እናት ያዝኑላቸዋል።

አባታችን ስለ ሰው ሕይወት ብለው ስንቱን በር ላይ አስቁመዋል። እሳቸውን ግን ፈጣሪ በር ላይ አያስቁማቸው። አሜን።